ቆዳውን ማን በላው?

ላቦራቶሪ ከገባሁ ገና ዓመቴ ነበር። የተሰጠን ሥራ ከግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ የሚወጣ ዓሣ ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት መኖር አለመኖሩን መፈተሽ ነው።

ዲዲቲን የጅማ ሰው ያውቀዋል። ልጆች ሆነን የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች መርጫቸውን ይዘው ሲመጡ የቤት ዕቃው ሁሉ ደጅ ይወጣል፤ እኛም ከዕቃው ጋር። ሲሄዱ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይቀራል። ትኋኑንም ስለሚፈጅላቸው እናቶቻችን ይመርቋቸው ነበር።

ጣጣው ዲዲቲ ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ እንግዳ አለመሆኑ ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ሲፈራርስ ዲዲኢ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ከዲዲቲው ይብስ ችኮ ነው። ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ስብ ግን ይወዳል። ስለዚህ ከጎርፍና ከደለል ጋር ሐይቅ ከገባ ማረፊያው የዓሣ ስብ ነው።

አለቃችን ስለዚህ ሲያወራ ሁሌ የሚያነሳት ምሳሌ አለችው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ የነበረ የዲዲቲ ፋብሪካ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ ዝቃጩን በከተማው የፍሳሽ ቱቦ ይለቅ ነበር። ቱቦው ፓሎስ ቨርደስ በሚባል ቦታ ባሕር ውስጥ ይወጣል። መድፋቱ ከቆመ ስንት ዘመን ሆነው፤ መርዙ ግን ዛሬም የባሕሩ ወለል ላይ አለ። እዚያ ጭቃው ላይ የሚመገብ ዋይት ክሮከር የሚባል ስባም ዓሣ አለ፤ ሰው እንዳይበላው ይመከራል።

ይህን ሁሉ በቃሌ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ስል፣ መናገር እችል ነበር ማለቴ ነው።

ገና ጎህ ሳይቀድ ሰርቦን አልፈን ወደ አሰንዳቦ እንሄዳለን። ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እንገዛለን። እየመዘንን፣ እየለካን፣ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለን በረዶ ውስጥ እንከታለን። ፕላስቲክ አይሆንም፤ ከፕላስቲክ የሚወጣው ነገር መሣሪያውን ያወናብደዋል።

ላቦራቶሪ ስንመለስ ቢላዋውን የምይዘው እኔ ነኝ። እጄ ደህና ነው። ቆዳውን ገፈፍኩ፣ የሆድ ዕቃውንና የሆዱን ስብ አወጣሁ፣ ጭንቅላቱን ቆርጬ ጣልኩ። የቀረው ነጭ ሥጋ ለሰርግ የተሰናዳ ይመስል ነበር። እሱን ፈጭተን፣ ስብ በሚያሟሟው ሄክሴን አጥበን፣ መርዝ ካለ መስመሩን ከፍ አድርጎ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ውስጥ አስገባን። መስመሩ ከወለሉ ከፍ አላለም ማለት ይቻላል። አለቃችን ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ውጤቱን ለዓሣ አጥማጆቹ ልንነግር ተመለስን። ከዳሱ ሥር አንዲት እናት ዓሣ ይጠብሳሉ። ሙሉውን፣ ከነቆዳው፣ ጎን ጎኑን በቢላዋ ጫር ጫር አድርገው። አጠገባቸው ብረት ድስት ተጥዷል፤ ውስጡ ጭንቅላት ብቻ ነው፣ ለሾርባ። ላዩ ላይ ስቡ ተንሳፍፎ ያብረቀርቃል።

ንግግሬን ስጨርስ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ የመረመራችሁት የቱን ነው?»

«ሥጋውን ነው እማማ። ቆዳውን ገፍፈን፣ ስቡን አውጥተን፣ ንጹሑን።»

«ታዲያ ቆዳውን ማን በላው?»

አጥማጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። መርዙ ስብ ውስጥ ነው የሚቀመጠው እያልኩ ሳወራ የከረምኩት እኔ ነኝ። ስቡን ቆርጬ ባልዲ ውስጥ የጣልኩትም እኔው!

ቆዳውንና ስቡን ለመመርመር ላቦራቶሪ ደረስኩ። ባልዲው ከተደፋ ሦስት ቀን ሆኖታል። ለአለቃዬ ሳወራ ደሙ ፈላ። «መመሪያው ላይ የተጻፈው እኮ ሥጋውን ብቻ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ተጽፏል። መመሪያው ዓሣን በፊሌቶ ለሚበላ አገር እንደተጻፈ ግን ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ማታ ስለ ፓሎስ ቨርደስ ደግሜ አነበብኩ። የምሳሌዋ ሌላው ግማሽ ለካ እዚያው ነበር። ዓሣን ሙሉውን የማብሰል ልማድ ላላቸው ቤተሰቦች ለብቻ ምክር ይሰጣል፦ ቆዳውን ግፈፉ፣ ስቡን አውጡ፣ ጭንቅላቱን አትቀቅሉ። እነሱ ሰው እንዳይበላው የሚለምኑትን እኔ እንዳይመረመር ጥዬዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሄድን። ዓሣው የተገዛው ከኪሴ ነው፤ ይህን አለቃዬ አልረሳም፣ እኔም አልረሳሁም። የናሙና ቅጹ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ «እዚህ ቤት እንዴት ይበላል?» መጀመሪያ የሞላሁት እኚያን ዓሣ የሚጠብሱ እናት ጠይቄ ነው። መልሳቸው ከዓምዱ አልፎ ገጹን ዞረ፤ ለአራስ የሚሆነው ሾርባ ብቻውን አራት መስመር ፈጀ።

ሳጥኑን ዘግቼ ልነሳ ስል ጠሩኝ።

«ጭንቅላቱን ያዝከው?»

«ይዣለሁ እማማ።»

«እስኪ ክፈተው» አሉ። ከፍቼ አሳየኋቸው።