ቧንቧ ለመበየድ ስንት ክፍተት ይበቃል? እኔ የምለካበት መንገድ

ሥዕሉ ላይ ቧንቧው ሲታይ ዙሪያው ሰፊ ይመስላል። የበያጁ ክንድ፣ ማስኩና ፍሌክሱ (በዲስክ የሚቆርጠውና የሚሞርደው የእጅ ማሽን) ግን እዚያ አልተሣሉም። ስለዚህ ክፍተት ስወስን የምነሣው ከመሣሪያው ርዝመት ነው። ባለ 3.2 ሚሊ ሜትሩ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) አብዛኛውን ጊዜ 35 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ዘንበል ብሎ ቢያዝም መያዣውና እጅ ሲጨመሩበት በቧንቧው ዙሪያ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች አልቀበልም። ከቧንቧው በታች ግን፣ እዚያ ከሥር ወደ ላይ ስለሚበየድ፣ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር እተዋለሁ። ቦይ ውስጥ ከሆነ ቦዩን በሙሉ ማስፋት አያስፈልግም፤ መጋጠሚያው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ጠለቅና ሰፋ አድርጎ መቆፈር ይበቃል።

የምለካው ከቧንቧው መሃል ሳይሆን ከውጭ ገጹ እስከ መጀመሪያው እንቅፋት ነው። ጎረቤቱ ቧንቧ ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰር ሰፊ የጫፍ ቀለበት) ወይም የሙቀት መከላከያ ሽፋን ካለው ቦታውን የሚበላው እሱ ነው። ሁለት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ሲሄዱም መጋጠሚያዎቻቸውን ትይዩ አላደርግም፤ አንዱን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አራርቄ አሳርፋለሁ።

ቧንቧው ከመታሰሩ በፊት ከምሠራቸው ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ የደረቅ ሙከራ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ማስኩ ተደርጎ፣ መያዣው ላይ አዲስ ኤሌክትሮድ ገብቶ፣ የቧንቧውን ዙሪያ እንደ ሰዓት ገጽ ቆጥሬ፣ ከሥር ከ6 ቁጥር ተነሥቼ በሁለቱም ጎን እስከ ላይኛው 12 ቁጥር እዞራለሁ። ቁራጭ ኤሌክትሮድ ያታልላል፤ የሚያስቸግረው ሙሉው ነው። እጅ የሚቆምበትን ወይም ዓይን የማያይበትን ቦታ በጠመኔ አሰምራለሁ። ብየዳው የሚቋረጥበትና የሚቀጥልበት ነጥብ በዚህ መስመር ውስጥ እንዳይወድቅ አቅዳለሁ፤ ምክንያቱም መነሻና መቆሚያ በፍሌክስ መሞረድ አለባቸው፣ ፍሌክስ የማይገባበት መነሻ ደግሞ ቀዳዳ ወይም ያልቀለጠ ጠርዝ ይዞ ሊቀር ይችላል። ባለ 115 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ ከነመከላከያው በቪው (የሁለቱ ቧንቧዎች ጠርዞች በሚፈጥሩት የV ቅርጽ ክፍተት) አቅጣጫ መግባቱን የማየውም ያኔ ነው። ካልገባ እንደ መጻፊያ እርሳስ ቀጭን የሆነውን ትንሹን ግራይንደር (መሞረጃ) አዘጋጃለሁ።

ክፍተት ሲጠብ የሚበላሸው የኤሌክትሮዱ አንግል ነው። መያዣው ግድግዳ ሲነካ በያጁ ሳይወድ ያጋድለዋል፤ አርኩ (የኤሌክትሪክ ነበልባሉ) ይረዝማል፣ ስላግ (የቀለጠው ዝቃጭ) ከፊት ይቀድማል፣ አንደኛው ጎን ሳይቀልጥ ይሸፈናል። ከላይ ሲታይ ግን ብየዳው ያማረ ሊሆን ይችላል!

ቦታው በእርግጥ ከጠበበ መጀመሪያ የምመርጠው መጋጠሚያውን ማዛወር ነው። አስቸጋሪውን ወርክሾፕ ውስጥ እያሽከረከሩ መጨረስና ሳይት ላይ ለሚበየደው ክፍት ቦታ መምረጥ ይሻላል። የሳይቱ ልኬት ስለማይታመን በአንደኛው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ እተዋለሁ። ቀጥሎ፣ የሳፖርቱን ክላምፕ አላልቶ ቧንቧውን ከግድግዳው ማራቅ ነው፤ ይህን የማደርገው ቧንቧው ሳይጨናነቅ ወደ ቦታው የሚመለስ ከሆነ ብቻ ነው። በጉልበት የተመለሰ ቧንቧ ጭንቀቱን ብየዳው ላይ ይጥላል።

ማዛወር ካልተቻለ ወደ ቲግ (በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግና በጋዝ ከለላ ወደሚሠራው ብየዳ) እዞራለሁ። ረጅሙን የቶርች (የቲግ መያዣ) የኋላ ቆብ በአጭሩ ቀይሬ ተንግስተኑን ለእሱ በሚሆን ልክ እቆርጣለሁ፤ አንድ ሜትሩን የመሙያ ሽቦም ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ ጫፉ ከኋላ እየተጋጨ እጅ ስለሚያናውጥ። በመስታወት እያዩ መበየድ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ግራና ቀኙ ስለሚምታታ በዚያው ጥበት በተሠራ ናሙና ላይ ያልተለማመደ ሰው ሊነካው አይገባም።

ሌላው የሚዘነጋው ምርመራው ነው። በራዲዮግራፊ (በጨረር በሚነሣ ፎቶ) የሚታይ ብየዳ ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን ለጨረር ምንጩም ርቀት ይፈልጋል፤ አልትራሳውንድ ደግሞ ፕሮቡ (ድምፅ ልኮ የሚቀበለው መሣሪያ) ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድበት ቀጥ ያለ ለስላሳ ገጽ ከብየዳው ጎን ይፈልጋል። መጋጠሚያው ከኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ)ና ከቫልቭ መካከል ተጣብቆ ከሆነ ያ ገጽ የለም። የቴፍሎን መቀመጫ ላለው ቫልቭ ጥበቱ ሌላም ጣጣ አለው፦ መጋጠሚያው ቫልቩ አጠገብ ሲሆን የብየዳው ሙቀት መቀመጫውን ሊያበላሸው ስለሚችል የውስጥ ዕቃው አስቀድሞ ይወጣል።