ባትሪ የጨረሰች መኪናዬን በካቮ ያስነሳሁበት ጠዋት

ጠዋት ቁልፉን ሳዞር የሰማሁት «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ በራና ጠፋ። ለካ ማታ ከኋላ ወንበር ዕቃ ሳወጣ የውስጥ መብራቱን ሳላጠፋ ነው የገባሁት። መኪናዋ አውቶማቲክ ስለሆነች ገፍቶ ማስነሳት አይታሰብም።

ጎረቤቴን ጠራሁት። መኪናውን አምጥቶ ከፊቴ አቆመ፣ ግን እንዳይነካኩ ክፍተት ተውን። ሁለቱንም ሞተር አጥፍተን የእጅ ፍሬን ያዝን። የሁለታችንም ባትሪ 12 ቮልት መሆኑን አየን። ይሄን ሳያዩ መጀመር አይገባም፤ ብዙ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ ከእነሱ ጋር ማገናኘት የትንሿን መኪና ኤሌክትሮኒክስ ሊያቃጥል ይችላል።

የእኔ ባትሪ ላይ የመደመር ምልክቱ በአቧራ ተሸፍኗል። በጨርቅ ጠረግ አድርጌ ፖዘቲቩን ለየሁ። በዚያው ተርሚናሉ፣ ማለትም ካቮ የሚያያዝበት የባትሪው ጫፍ ላይ ነጣ፣ አረንጓዴ ያለ ዱቄት የመሰለ ነገር አየሁና ዝም ብዬ አለፍኩት።

ቀዩን ካቮ መጀመሪያ በእኔ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በእሱ ፖዘቲቭ ያዝን። ጥቁሩን በእሱ ኔጋቲቭ። የቀረውን የጥቁሩን ጫፍ ጎረቤቴ በቀጥታ ወደ እኔ ባትሪ ኔጋቲቭ ሊወስደው ሲል እጁን ያዝኩት። «ኧረ እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው» አለኝ። ልክ ነው፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ ግን ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ የመጨረሻው ጫፍ ሲነካ ደግሞ ብልጭታ አለ፣ ሁለቱ አንድ ቦታ ከተገናኙ ባትሪው ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም ያልተቀባ የሞተር ብሎን ላይ አያያዝኩት። እውነትም ሲነካ ብልጭ አለ።

የእሱን ሞተር አስነስተን 5 ደቂቃ ጠበቅን። ሞከርኩ፣ ቀጭ ቀጭ። ሌላ 10 ደቂቃ ጨመርን፣ ያው ነው። ባትሪው ጨርሶ ሞቷል ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ያ ዱቄት ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የቀዩ ካቮ ጥርሶች የያዙት የተርሚናሉን ብረት ሳይሆን ዱቄቱን ነው። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ በአንዴ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ ያ ሁሉ ኃይል በዱቄት ውስጥ እንዴት ይለፍ?

ሞተሩን አጥፍተን ካቮዎቹን መጨረሻ ካያያዝነው ጀምረን ፈታን። ጓንት አድርጌ ተርሚናሉን በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ የሚያብለጨልጭ ብረት እስኪወጣ ድረስ። ዱቄቱ አሲድ ስላለው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንደገና በዚያው ቅደም ተከተል አያያዝን። የእሱ መኪና ሲነሳ የእኔ ዳሽቦርድ ቦግ ብሎ በራ። ትንሽ ጠብቄ ቁልፉን አዞርኩ፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

40 ደቂቃ ያህል ነዳሁና በቃ ተሞልቷል ብዬ ተኛሁ። ተሳስቻለሁ። ባዶ የሆነ ባትሪ በዚያች ጉዞ አይሞላም፣ ለሰዓታት ቻርጀር ላይ መዋል አለበት። በማግስቱ በመለኪያ ሳየው 12.1 ቮልት ነው፤ የሞላ ባትሪ ወደ 12.6 ማሳየት ነበረበት። ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ስላሳየኝ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደህና ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጌው በማግስቱ ደግሞ ወረደ። ያኔ ነው እርጅና መሆኑ የገባኝና የቀየርኩት።

አሁን ከመኪናው ኋላ ወፈር ያለ ካቮ አለ፤ ቀጭኑ ይግላል፣ በቂ ኃይልም አያሳልፍም። ከካቮው ጋር አብሮ የተጠቀለለው ያ የሽቦ ብሩሽ ነው።