ደሞዛችን ላይ ልጆቻችን አይታዩም

እህቴ ሚኒሶታ ውስጥ ከትልቅ ከተማ ራቅ ያለች ቦታ ነው የምትኖረው፣ ስጋ ፋብሪካ ትሰራለች፣ ሶስት ልጆች አሏት። ብዙ ሰው የአሜሪካ የግብር ሪፈንድ (ተመላሽ) ሲባል ከደሞዝ በዝቶ የተቆረጠው ሲመለስ ብቻ ይመስለዋል። እሱም አለ፣ ግን ሌላም አለ፣ ደሞዙ ትንሽ ሆኖ ልጅ ለሚያሳድግ ሰራተኛ መንግስት ራሱ ጨምሮ የሚሰጠው፣ ኧርንድ ኢንካም ታክስ ክሬዲት ይሉታል፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1975 ጀምሮ ያለ ነው። የሚከፈል ግብር ባይኖርበት እንኳን ብሩን ይሰጡታል። ለ2025 ገቢ ሶስትና ከዛ በላይ ልጅ ላለው እስከ 8,046 ዶላር ይደርሳል፣ ልጅ ለሌለው ግን ቢበዛ 649 ነው፣ ልዩነቱን እዩት! ያልሰራ አያገኝም፣ ገቢ ከፍ ሲል ደሞ እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል።

ገጠር ላለ ሰው ይሄ ብር ትልቅ ነገር ነው፣ ደሞዙ ዝቅተኛ፣ አውቶቡስ የለ፣ መኪና ከሌለህ ስራም የለህም። እህቴ አምና ሪፈንዱ እንደገባላት አራቱንም ጎማ ነው የቀየረችው፣ ለሊት 10 ሰዓት በረዶ ላይ ባለቀ ጎማ ስትነዳ እኔ እዚህ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

እዛ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል፣ አዲስ አበባ እናቱ ጋ ያለ ልጅ ብር ብትልኩለትም ለዚህ አይቆጠርም፣ ከግማሽ ዓመት በላይ አሜሪካ አብሯችሁ መኖር አለበት። የግብር ፎርም ሞይ ነኝ ብሎ አብሯችሁ የማይኖር የእህት የወንድም ልጅ ስም ልጨምርልህ የሚላችሁን አትስሙት፣ ማጭበርበር ከተባለ ከዚህ ክሬዲት 10 ዓመት ያግዷችኋል። ቪታ የሚባለው በጎ ፈቃደኞች የሚሰሩበት የመንግስት ፕሮግራም ፎርሙን በነፃ ይሞላል።

አሁን ወደኛ። አራት ኪሎ እኛ ቢሮ ሪከርድ ክፍል የምትሰራ የሶስት ልጆች እናት አለች፣ አጠገቧ ደሞ ገና ያላገባ ልጅ ይሰራል። ሁለቱም 7,000 ብር ነው ደሞዛቸው። ግብር 900፣ ጡረታ 490 ይቆረጥና ለሁለቱም እኩል 5,610 ይደርሳቸዋል። እሱ ራሱን ይችልበታል፣ እሷ ለአራት አፍ። ፔሮሉን ከላይ እስከ ታች ብታዩት ስለ ልጅ የሚጠይቅ ቦታ የለውም።

በኛ አቆጣጠር በ2017 የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው፣ በድሮው ቢሆን 1,185 ነበር የሚቆረጥባት። ግን ያቺ 285 ብር ለላጤውም ለሷም እኩል ነው የቀረችው፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የገበሬው ጉዳይ ሌላ ነው፣ ፔሮልም የለው።

እንደ አሜሪካ ዶላር ይታደለን አላልኩም። ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ ከወር ደሞዝ 1,000 ብር እየተቀነሰ ከግብር ነፃ ይሁን ቢባል የሷ ግብር ከ900 ወደ 300 ይወርዳል፣ በወር 600 ብር ቤቷ ይገባል ማለት ነው፣ የልጆች ደብተርና ዳቦ ነው እኮ! ሰው ይዋሻል እንዳትሉኝ፣ የልደት ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ራሱ መንግስት ነው።