አቦርጂናል ሰዓሊ ወይም አስተማሪ ከመጋበዛችሁ በፊት

ሜልበርን ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ይህን ሳያየው አይቀርም። የአውስትራሊያ ጥንታዊ ነዋሪዎች የሆኑት የአቦርጂናል ሕዝቦች ባህል የሚከበርበት የናይዶክ ሳምንት ሲደርስ ልጆች በጆሮ ማጽጃ ጥጥ የተነጠበጠበ ኤሊ ሥለው ይመጣሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ነጠብጣቡ ግን የሜልበርን አይደለም። መነሻው ምዕራባዊው በረሃ ነው። በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ፓፑንያ፣ አዛውንቶች በአሸዋና በገላ ላይ ይሥሉት የነበረውን በግድግዳና በጣውላ ላይ ማስፈር ጀመሩ። የሜልበርን ባለአገሮች፣ ማለትም የመሬቱ ጥንታዊ ባለቤቶች፣ የኩሊን ሕዝቦች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚታወቁት በጋሻና ፖሰም በሚባለው ዛፍ ላይ የሚኖር እንስሳ ቆዳ በተሠራ ካባ ላይ በሚቀርጹት መስመር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አቦርጂናል ሰው የት እናገኛለን?» ሳይሆን «ይህ መሬት የማን ነው?» የሚለው ነው። አውስትራሊያ ከ250 በላይ ቋንቋዎች የነበሯት አገር ናት፤ አንዱ ሕዝብ በሌላው መሬት ላይ ባለቤት ሆኖ አይናገርም። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በ2006ቱ የቅርስ ሕግ የተመዘገቡ የባለአገር ድርጅቶች አሉ፤ በሜልበርን የወሩንጀሪና የቡኑሮንግ ድርጅቶች ይጠቀሳሉ። መደወል ያለባችሁ እዚያ ነው። ዌልካም ቱ ካንትሪ የሚባለውን የአቀባበል ሥርዓት መምራት የሚችለው ባለአገሩ ብቻ ነው፤ ባለአገሮቹን የሚያስታውሰውን አጭር ንግግር፣ አክኖሌጅመንቱን፣ ግን እናንተም ልታደርጉት ትችላላችሁ። በሁለቱ መካከል የሚሳሳት ብዙ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣን ሰዓሊ «ተቀበለን» ማለት እሱን ራሱን ጭንቅ ውስጥ መክተት ነው።

ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ሰዓሊዎቹንና አስተማሪዎቹን ሁሉም ሰው ስለሚጠራቸው ወራት ቀድማችሁ ያዙ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አበባና የምስጋና ወረቀት ክፍያ አይደለም።

አስተማሪው ሲመጣ ምን ያስተምር? ልጆቹ ቅርጹን እንዲገለብጡ ከማድረግ ይልቅ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ይበልጣል። በሰሜን አውስትራሊያ፣ በአርነም ላንድ፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚሠራው የቅርፊት ሥዕል ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው። ቅርፊቱ የሚላጠው በዝናቡ ወቅት ነው፤ ያኔ ዛፉ ውኃ ስለሚሞላ በቀላሉ ይለቃል። ዛፉ የባሕር ዛፍ ዘር ነው፤ እኛ አገር ጎጆ ሁሉ የቆመበት እንጨት መነሻው አውስትራሊያ መሆኑን ልብ ይሏል። ከላይና ከታች ዙሪያውን፣ ከዚያ ደግሞ ቁልቁል ይሰነጠቅና ይላጣል። ሻካራው የውጭ ክፍል ይነሳል፤ እሳት ላይ ሲደረግ እርጥበቱ ይወጣል፣ ይለሰልሳልም፤ ከዚያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ክብደት ይጫንበታል። ቀለሙ ቀይና ቢጫ አፈር፣ ነጭ ሸክላና ከሰል ነው። ማጣበቂያው ድሮ የኦርኪድ ተክል ጭማቂ ነበር፤ ዛሬ በውኃ የሚቀጥን የእንጨት ሙጫ ነው። ሙጫው ሲያንስ ቀለሙ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ ሲበዛ ያብለጨልጫል። ራርክ የሚባሉት ቀጫጭን የተጠላለፉ መስመሮች የሚሰመሩት ረጅምና ጥቂት ፀጉር ባለው ብሩሽ ነው። ብሩሹ ሳይነሳ በአንድ ስበት ይጎተታል፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ያስታውቃል። የተጠናቀቀውን ሥራ ማሞቂያ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ከሰቀላችሁት ቅርፊቱ ተመልሶ መጠቅለል ይጀምራል።

የራርኩ አሠራር በየጎሳው ይለያያል፤ የመሣል መብቱ በዘር የሚወረስ ነው። ለዚህ ነው ሥዕልን ያለ ፈቃድ ማባዛት ከገንዘብ ያለፈ በደል የሚሆነው። በ1966 የወጣው የአውስትራሊያ የአንድ ዶላር ኖት የዴቪድ ማላንጊን የቅርፊት ሥዕል ይዞ ሲታተም ሰዓሊውን ማንም አልጠየቀውም ነበር። በ1994 ደግሞ የአቦርጂናል ሥዕሎችን ያለ ፈቃድ ምንጣፍ ላይ አሠርቶ ያስገባ ድርጅት በፍርድ ቤት ተረታ።

እናንተም ሥዕል ስትገዙ የገዛችሁት ዕቃውን እንጂ የቅጂ መብቱን አይደለም። በትምህርት ቤት ቲሸርት ወይም በድርጅት ሪፖርት ላይ ልታትሙት ከፈለጋችሁ የተጻፈ ፈቃድ ያስፈልጋል፦ የትኛው ሥዕል፣ በምን ላይ፣ ስንት ቅጂ፣ ለስንት ዓመት። መቁረጥና ቀለም መቀየር ይፈቀድ እንደሆነም ይጻፍ። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ዲዛይነሩ «ለአርማችን እንዲስማማ» ብሎ አንዱን ጥግ ሲቆርጥ ነው፤ የተቆረጠው ጥግ የታሪኩ መነሻ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉን በነጋዴ በኩል በ1,000 የአውስትራሊያ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ መልሳችሁ ከሸጣችሁት፣ ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ 5 በመቶው ለሰዓሊው ይገባል፤ ነፃ የሚሆኑ ሽያጮች ስላሉ ነጋዴውን ጠይቁ።

የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። ኢንዶኔዥያ የተሠሩ ከ18,000 በላይ ዕቃዎችን የአቦርጂናል እጅ ሥራ አስመስሎ የሸጠ አከፋፋይ በ2019 2.3 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሰዓሊው ማን ነው፣ የየትኛው አቦርጂናል ሕዝብ ሰው ነው፣ እንዴት ተከፈለው? ደህና ነጋዴ ጥያቄውን አይጠላም። «የአቦርጂናል ስታይል» የሚል መልስ ካገኛችሁ ውጡ።

የአቦርጂናል ባህል አማካሪ ስትቀጥሩም ሕትመት ሊገባ ሁለት ቀን የቀረውን ሥራ «እዩልን» ብላችሁ አትላኩ። አማካሪው ሽማግሌዎቹን ማነጋገር አለበት፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው። በማኅበረሰቡ ሰው ሲሞት ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ለቅሶ ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በብዙ ቦታ የሟቹ ስምና ምስል ለጊዜው አይነሳም፤ ፎቶው በብሮሹራችሁ ላይ ካለ ቤተሰቡ እስኪፈቅድ አውርዱት። ውሉ ላይም ቀኑ በለቅሶ ምክንያት ያለ ቅጣት እንደሚዛወር አስቀድማችሁ ጻፉ።