ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ምን ነበር?

በ2022 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ነው። አብራኝ የምትሠራ ጀርመናዊት ከላይፕዚግ ባቡር አሳፍራ ድሬስደን ወሰደችኝ። የሠዓሊው የበርናርዶ ቤሎቶ ኤግዚቢሽን ነበር፤ የተወለደበት 300ኛ ዓመት ማስታወሻ።

ቤሎቶ የቬኒስ ልጅ ነው። ሥዕል የተማረው ከአጎቱ ከካናሌቶ ነው። በ1747 ለሳክሶኒ ቤተ መንግሥት ሊሥል ድሬስደን ገባ። በ1780 የሞተው ዋርሶ ነው። በሰው አገር ኖሮ የሰው ከተማ ሲሥል ዕድሜው አለቀ።

በ1748 የሣለው ትልቁ ሥዕል ፊት ቆሜ ቀረሁ። ስፋቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። የኤልበ ወንዝ፣ ድልድዩ፣ ፍራውንኪርሸ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ጉልላት። በስተቀኝ ያለው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ገና እየተሠራ ነው፤ ማማው ላይ የግንበኞች እንጨት እንደታሰረ ነው። እሱንም አልተወውም! መስኮቱን ሁሉ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል።

ሌላው ሥዕል ግን ሆዴን አባባው። በ1760 የፕሩሲያ መድፍ ከተማዋን ሲደበድብ የቤሎቶም ቤት ወደመ። በ1765 ክሮይትስኪርሸ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ሣለ። ለሁለት የተሰነጠቀ የሚመስል ማማ፣ የድንጋይ ክምር፣ ክምሩ ላይ ትንንሽ ሰዎች። ቤተ መንግሥቱን በሣለበት ጥንቃቄ ነው ፍርስራሹንም የሣለው።

ጓደኛዬ ስለ ዋርሶም ነገረችኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ እንደገና ስትገነባ የእሱን ሥዕሎች እያዩ ነው አሉ ብዙ ቤት የመለሱት። ገረመኝ፤ ግን ያኔ የራሴ ጉዳይ አልመሰለኝም።

በ2024 ያደግሁበት የፒያሳ ሰፈር ፈረሰ። እህቴ ቪዲዮ ላከችልኝ። አቧራ ብቻ። የዚያን ሌሊት ስልኬንም አልበሜንም ስበረብር አደርኩ። የልደት፣ የምርቃት፣ የሠርግ ፎቶ ሞልቷል። የእኛ ፊት እንጂ መንገዱ የለም። ከጀርባችን የበር ጫፍ፣ የቆርቆሮ አጥር ቁራጭ፣ በቃ።

በማግስቱ እርሳስ አነሣሁ። ሥዕል አልችልም። ግን ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ያለውን አንድ በአንድ ማስፈር ጀመርኩ። መሀል ላይ ጠፋኝና እማዬ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ምን ነበር?»

«ልብስ ሰፊው ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

እኔ የማስታውሰው ሻይ ቤቱን ነው። እህቴ ደግሞ «ሁለቱም አይደሉም፣ ጠባቧ መተላለፊያ ነበረች» ትላለች። ወረቀቱ ላይ ያቺን ቦታ ለጊዜው ባዶ ትቻታለሁ።