የእቴቴ ሚሳልና የተቆረጠው ወርቅ

እቴቴ የጸሎት መጽሐፏን የሰጠችኝ በፌስታል ነው። መጽሐፉ ለብቻው በላስቲክ ታስሯል። በመሐሉ የነበሩት የቅዱሳን ሥዕሎች ደግሞ ለብቻቸው። «አንተ ኢንተርኔት ታውቃለህ፣ ይሄን የሚጠግን ሰው ፈልግልኝ» አለችኝ። ኢንተርኔትና የመጽሐፍ ጥገና ምን እንዳገናኛቸው እንጃ። እቴቴ ካለች ግን አለች ነው።

መጽሐፉ ሚሳል ነው። ካቶሊክ ምእመናን ቅዳሴውን የሚከታተሉበት፣ ላቲኑና ፈረንሳይኛው ጎን ለጎን የቆሙበት፣ መዳፍ የሚያክል ነገር። ልጅ ሳለች ያስተማሯት ሲስተሮች ናቸው የሰጧት። ከሁለት ጣት አይወፍርም፣ ግን ከሺህ በላይ ገጽ አለው። ጥቁር ቆዳ፣ ክብ ተደርገው የተቆረጡ ማዕዘኖች፣ አምስት ሪባን፣ ሦስቱም ጠርዙ ወርቅ። ልጆች ሆነን ስትዘረጋው ወርቁ ላይ መብራት ሲጫወት እናይ ነበር። መንካት ክልክል ነው።

እና እኔ ምን አደረግኩ? ወስጄ አስቆረጥኩት።

የሄድኩበት ጥረዛ ቤት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጠርዝ ነው። ስሙን አልጠራም። እነሱ ሁልጊዜ የሚሠሩትን ነው የሠሩት፣ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ስመለስ የእቴቴ መጽሐፍ ጀርባው አጠገብ በድሪል ሦስት ቦታ ተበስቶ፣ በወፍራም ክር ተጠፍሮ፣ ደረቅ ካርቶን ለብሶ ጠበቀኝ። ሦስቱም ጠርዝ በማሽን ተከርክሟል። ወርቁ የለም። «ጫፉ ቆሽሾ ነበር፣ አጸዳንልህ» አለኝ ልጁ ፈገግ ብሎ። ከፍዬ ወጣሁ። ምን ልበለው?

ቤት ገብቼ ልከፍተው ብሞክር እንደ አይጥ ወጥመድ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ገጹ እስከ መሐል አይገለጥም፣ በውስጥ በኩል ያሉት ፊደላት ስፌቱ ውስጥ ተውጠዋል። በሁለት እጅ ተጭነህ ካልያዝከው አይነበብም። ለሌላ መጽሐፍ ይሄ ያን ያህል ላይከፋ ይችላል። የጸሎት መጽሐፍ ግን በአንድ እጅ ነው የሚያዘው፤ በሌላው እጅ መቁጠሪያ አለ፣ ሻማ አለ፣ የሚነጫነጭ የልጅ ልጅ አለ። የማይተኛ የጸሎት መጽሐፍ የቱንም ያህል ቢያምር መጽሐፍ አልልህም።

ስለዚህ ራሴ አፍርሼ ልሠራው ተነሳሁ። «ጥራዝ ነጠቅ» የምንለው ስድብ ከዚሁ ሙያ የመጣ ነው። ጥራዝ ማለት አንድ ላይ ታጥፈው የሚሰፉ ወረቀቶች ናቸው፤ ሙሉውን ሳይማር አንዷን ጥራዝ ነጥቆ የሮጠ ሰው ነው ስድቡ የሚገባው። እኔ በዩቲዩብና በአሮጌ ደብተሮች ላይ እየተለማመድኩ ስምንት ወር ቃል በቃል ጥራዝ ነጠቅ ሆኜ ከረምኩ።

የሠሪዎቹ ብልሃት የገባኝ ስፈታው ነው። መጽሐፉ ፈረንሳይ፣ ቱር ከተማ የታተመ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቱር ላይ ማም፣ ጀርመን ሬገንስቡርግ ላይ ፑስቴት፣ ስዊዘርላንድ አይንዚድልን ላይ ቤንዚገር የሚባሉ ቤቶች የካቶሊክ ጸሎት መጻሕፍት አትመው ለዓለም ይልኩ ነበር። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ወረቀቱ ብቻውን አንድ ሙያ ነው። ፎቶ ኮፒ የምናደርግበት ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል። ለሚሳል የሚሠራው ስስ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከ40 በታች ነው። እንዲህ ሲሳሳ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት እንዳያሳልፍ ነጭ የማዕድን ዱቄት ይቀላቀልበታል። እሱም አይበቃም። አንዱን ቅጠል ወደ መስኮት ይዤ ሳየው የፊተኛው ገጽ መስመር ልክ በኋለኛው ገጽ መስመር ላይ ተቀምጧል። ጥላው ከጽሑፉ ሥር ተደብቋል፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ነጭም ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ሺህ ገጽ ሙሉ እንደዚህ! እኔ አንድ ደብዳቤ ፊትና ጀርባ ሳትም እንኳ ተገልብጦ ይወጣብኛል።

ቀዩ ቀለምም አለ። በግዕዝ ብራና የቅዱሳን ስም በቀይ እንደሚጻፍ እናውቃለን። በላቲኑ ሥርዓት ቀዩ በዋናነት ትእዛዝ ነው፦ ተነሥ፣ ተንበርከክ፣ አማትብ። «ጥቁሩን በል፣ ቀዩን አድርግ» ይባባላሉ ካቶሊኮች። በብረት ፊደል ዘመን ሁለት ቀለም ማለት አንዱ ወረቀት ሁለት ጊዜ ማተሚያው ውስጥ ይገባል ማለት ነው፤ አንዴ ለጥቁሩ፣ አንዴ ለቀዩ። በሁለተኛው ዙር ወረቀቱ ትንሽ ከተንሸራተተ አለቀ። የእቴቴ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ቀይ መስቀል ቦታዋን ስታ ጥቁሩ ፊደል ላይ ወጥታ አግኝቻታለሁ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ይሆናል።

ወደ ወርቁ ልምጣ፤ ያናደደኝ እሱ ስለሆነ ብዙ ያነበብኩትም ስለሱ ነው። ድሮ በእጅ ሲሠራ መጽሐፉ ከተሰፋ በኋላ፣ ልባሱን ሳይለብስ፣ በሁለት እንጨት መሐል በኃይል ይጨመቃል። ጠርዙ በስለት እየተፋቀ እንደ መስታወት እስኪለሰልስ ድረስ ይሠራል። ከዚያ ቀይ የሸክላ አፈር ይቀባል፣ ይወለወላል። ቀጥሎ በውኃ የቀጠነ የእንቁላል ነጭ። በላዩ ወርቁ። ወርቁ ተቀጥቅጦ ተቀጥቅጦ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ የማይበልጥ ስለሚሆን በጣት አይነካም፤ ብን ይላል። ጠፍጣፋ ብሩሽ ጉንጭህ ላይ ታሻለህ፣ ከፊትህ ወዝ ትንሽ ይይዛል፣ ወርቁም በዚያች ወዝ ተጣብቆ ይነሳል። ሲደርቅ አጌት በሚባል የውሻ ጥርስ በመሰለ ድንጋይ እስኪያበራ ይታሻል።

አንዳንዱ ደግሞ ከሸክላው በፊት ጠርዙን ቀይ ቀለም ያጠጣዋል። ሲዘጋ ወርቅ ነው፤ ቅጠሎቹ ሲዘረጉ ቀዩ ከሥር ብቅ ይላል። ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በወርቅ የተደፈነ ጠርዝ አቧራና እርጥበት ቶሎ አያስገባም። «ቆሽሾ ነበር» የተባለው ነገር መጽሐፉን ከቆሻሻ ሲጠብቅ የኖረው ነው።

እኔም ልሞክር ብዬ ከጣሊያን በመጣ ሰው ጥቂት የወርቅ ቅጠል አስመጣሁና ደብተር ላይ ተለማመድኩ። የመጀመሪያው ቀን የእንቁላሉን ውኃ ስላሳነስኩት ደብተሩ እንደ ጡብ አንድ ላይ ደረቀ። ሁለተኛው ቀን ባለቤቴ በር ስትከፍት ወርቁ ተነስቶ በረረና ምድጃው ላይ አረፈ። ምድጃችን እስካሁን አንድ ጥጉ ላይ ያብረቀርቃል። የእቴቴን መጽሐፍ በወርቅ መንካት አልደፈርኩም።

ስፌቱን ግን ሠራሁት። የሚሳሉ ጥራዞች መጀመሪያ በእጥፋታቸው መሐል ነበር የተሰፉት። መርፌው በእጥፋቱ ውስጥ ይገባና ይወጣል፣ ጥራዙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከታችኛው ጥራዝ ጋር በቋጠሮ ይያያዛል። እንደዚህ የተሰፋ መጽሐፍ ይከፈታል። በጎን የተበሳ አይከፈትም። ይሄን ነገር የኛ አባቶች ጠንቅቀው ያውቁታል፦ ብራና ሲጠርዙ ጥራዝን ከጥራዝ በሰንሰለት ስፌት ያያይዛሉ፣ ክሩን ከእንጨት ገበታው ጋር ያስራሉ፣ ጀርባውን ግን ሙጫ አይቀቡትም። ለዚህ ነው ዳዊት አትሮንስ ላይ ሲዘረጋ ተዘርግቶ የሚቀረው። እኔ የስንዴ ስታርች አፍልቼ ጀርባውን ስስ አድርጌ ብቻ ቀባሁት። በድሪል የተበሱትን ቀዳዳዎች በስስ ወረቀት ደፈንኩ፤ አሁንም ያስታውቃሉ። ለልባሱ የፍየል ቆዳ ገዛሁ። ሻጩ በግ ሊሰጠኝ ነበር፣ ርካሽም ለስላሳም ነው፤ ግን የበግ ቆዳ ሲሳሳ ንብርብሩ ይላቀቃል። ጥሩ ጠራዥ ፍየል የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ሥራው መሐል ላይ የማውቃቸው አንድ አረጋዊ አባ ጋ ሄጄ ሁኔታውን አወራኋቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1945 ቫቲካን የታተመውን የግዕዝ መጽሐፈ ቅዳሴ አውጥተው አሳዩኝ። ሰም የተንጠባጠበበት ገጽ የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅኩት፣ መጽሐፉ ራሱ እዚያ ላይ ይከፈታል። ደግሞ አንድ ነገር አስተማሩኝ፦ የመንበሩ ትልቁ የላቲን ሚሳል ዋናው የቅዳሴ ክፍል ላይ ከገጾቹ ጎን የሚወጡ ትናንሽ የቆዳ ምላሶች አሉት። በድሮው ሥርዓት ካህኑ ኅብስቱን ከባረከ በኋላ እጁን እስኪያጥብ ድረስ አውራ ጣቱንና አመልካች ጣቱን አጋጥሞ ይይዛል፣ ቅንጣት እንዳይወድቅ። ታዲያ ገጽ በምን ይገልጣል? በተቀሩት ጣቶች፣ በምላሷ ይዞ። ያቺን ቆዳ የሰፋው ጠራዥ ቅዳሴ በደንብ ያስቀደሰ ሰው ነው።

የተስፋ ጽዮንንም ታሪክ ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው። ሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሐበሾች መነኮሳት የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር። በግዕዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እዚያው ሮም እ.ኤ.አ. በ1513 የወጣው ጆን ፖትከን የሚሉት የጀርመን ኮሎኝ ሰው እነዚህ መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ ከነሱ ስለተማረ ነው። ከዚያ በ1548 እና በ49 ከዚሁ ገዳም መነኮሳት አንዱ፣ አባ ተስፋ ጽዮን፣ ሐዲስ ኪዳንን ከነቅዳሴው አሳተሙ። ችግሩ ፊደል ለቃሚዎቹ፣ ማለትም የብረት ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ ለኅትመት የሚደረድሩት ጣሊያኖች፣ ግዕዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱ ደግሞ ፊደል መልቀም አይችሉም። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ ይቅርታ ጠየቁ፦ እኛ እነሱን ረዳን፣ እነሱም እኛን ረዱን፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነን ነው የሠራነውና አትፍረዱብን ብለው። ይሄን ስሰማ ያ የጥረዛ ቤት ልጅ ላይ የነበረኝ ቂም ትንሽ ለቀቀኝ። ትንሽ።

ባለፈው እሁድ መጽሐፉን መለስኩላት። አዲስ ቆዳ፣ አዲስ ሪባን፣ ጠርዙ ነጭ። አሸተተችው። «ጫማ ጫማ ይሸታል» አለች። ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጇን አነሳች፤ መጽሐፉ ሳይነቃነቅ ተኛ። ምንም አላለችም፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሞከረችው።

«ወርቁስ?»

እውነቱን ነገርኳት።

«ሌቦች» አለች። ቆርጠው እንደጣሉት ላስረዳት ሞከርኩ። «ወርቅ የሚጥል ማን አለ?» አለችኝ፣ የዋህነቴ አሳዝኗት።

ከዚያ ፌስታሉን አመጣች። መጀመሪያውኑ ጀርባውን የሰበሩት እነዚያ ወፍራም ሥዕሎች እንደሆኑ ነግሬያት ነበር። ቢበዛ ሦስት ብዬ ተማጽኜያታለሁ። ቅዱስ እንጦንስ ገባ። ትንሿ ቴሬዛ ገባች። የባሏ የሙት ዓመት ካርድ ገባ፣ ሁለት ኮፒ። የኔ የመጀመሪያ ቁርባን ፎቶ። የማላውቃቸው ጳጳስ። እያየሁ መጽሐፉ አፉን ከፈተ፣ አዲሱ ቆዳ ተወጠረ፣ ሪባኖቹ ወደ ጎን ሾለኩ። ስትጨርስ ሁለት እጇን ጫን አድርጋ ዘጋችውና ዙሪያዋን ስትፈልግ ቆየች።

«ያ ላስቲክ የት አለ?»