አየር ላኪልኝ

ሰሞኑን ምን እንደነካኝ እንጃ። እንዲሁ ድብር ይለኛል። ጥር ይሆናል። ጠዋት ውርጭ፣ ቀትር ላይ ንፋስ፣ ማታ ጋቢ። ደንበኛ የለም። ጥርን ሰው በሠርግ ያሳልፈዋል እንጂ ማመልከቻ አያስጽፍም። የሠርግ ጥሪው ወረቀት ደግሞ አሁን በቴሌግራም ሆኗል። እኔ የጽሑፍ ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ የሚያልፈውን ባጃጅና ባጃጁ የሚያስነሳውን አቧራ አያለሁ። አቧራው ትንሽ ያንዣብብና ወደ ውስጥ ይገባል። ከሰው ይልቅ እሱ ነው ደንበኛዬ።

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔም ኪቦርዱን ገለበጥኩት። ስፔስ ባሩ ካልደበደቡት አልሠራም ካለ ከርሟል። የአንድ ሽማግሌ የመሬት አቤቱታ ግማሽ ገጽ ሙሉ አንድ ቃል ሆኖ ወጥቷል። ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ሳደርገው የወረደውን ጉድ ባልነግራችሁ ይሻል ነበር። የገብስ ቆሎ። የስቴፕለር ሽቦ። የዕጣን ፍርፋሪ። ፀጉር (የኔ አይደለም፣ የኔ ካለቀ ቆየ)። የቀረው አቧራ ነው፤ ከፎቶ ኮፒው ቀለም ጋር ተለውሶ የጠቆረ አቧራ።

ቀለም ካልን አይቀር፣ ያ ቀለም የምንለው ነገር ቀለም አይደለም። በጣም የላመ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ማሽኑ በሙቀት አቅልጦ ነው ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው። ልብስ ላይ ከፈሰሰ በሙቅ ውሃ ያጠበው ሰው ልብሱ ላይ አተመው ማለት ነው። አራግፎ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ይኼን የጻፍኩት ለነጭ ሸሚዝ ለባሾች ነው።

ማታ ላይ ኩዌት ሰው ቤት ለምትሠራው እህቴ፣ ለእትዬ፣ ድምፅ ላክሁላት። ያ በጣሳ የሚሸጠውን አየር፣ ፊሽ ሲያደርጉት አቧራ የሚያስለቅቀውን፣ ፈልጊና ሰው ሲመጣ ላኪልኝ አልኳት። መልሷ መጀመሪያ ሳቅ ብቻ ነበር። ከዚያ፦ «አንተ ልጅ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ቁጭ ብለህ ከኩዌት በረሃ አየር ላኪልኝ ትላለህ?»

እውነቷን ነው። ሰው ከዐረብ አገር ሽቶ ያስልካል፣ ስልክ ያስልካል፣ ብርድ ልብስ ያስልካል። እኔ አየር። ግን ትንሽ ልከራከር። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ኮምፒውተሯ ውስጥ ያለችው ፋን የቱንም ያህል ብትሽከረከር የምትገፋው አየር ስስ ነው፣ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ደከም ያለ ነው። እዚያ ላይ አቧራ ሲደፍናት አስቡት። የሚያድነን የደሴ ብርድ ነው። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ የከፈተ ጓደኛዬ አየሩ ትንሽ ወፍራም ሆኖለት ብርዱን ተነፍጓል። እኩል ነን።

ደግሞስ አየር መች ሆነና። ጣሳው ውስጥ ያለው በግፊት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው። ብዙዎቹ ላይ ዳይፍሎሮኢቴን የሚባለው ነው፣ የፍሪጅ ጋዞች ዘመድ። ጣሳውን ቀጥ አድርጎ ለያዘው ጋዝ ይወጣል። ለገለበጠው ፈሳሹ ራሱ ይወጣና የነካውን ያበርደዋል፤ ጣት ካገኘ ጣት ይጎዳል። እሳትም ይይዛል። በዚህ ምክንያት መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ይዞት አይወጣም፤ በእጅ በሚያዘውም፣ በሚጫነውም ሻንጣ ክልክል ነው። ጠንከር ያለው ማጽጃ አልኮልም እንደዚያው። ስለዚህ የጠየቅኋት ነገር ከመነሻው የማይላክ ነበር። ብሩሽ ይላካል። ለስላሳ ጨርቅ ይላካል። ያ እንደ ሙጫ የሚሳሳበው፣ ኪቦርድ ላይ ጫን አድርገው ሲያነሱት ፍርፋሪውን ይዞ የሚመጣው ነገርም ይላካል። በእጅ የሚጨመቀው የጎማ መንፊያም እንዲሁ።

እዚህማ ያለን ጎሚስታ ነው። ሳቁ፣ ግን እውነት ነው። ጥገና ቤት ያለው ጎረቤቴ ሲፒዩውን በባጃጅ ጭኖ ወደ ጎሚስታ ይሄዳል። ለአይሱዙ ጎማ የተሠራ ግፊት አንዲት ሚጢጢ ሰርኪት ላይ ሲለቀቅ ማየት ልብ ይፈልጋል። አቧራው ግን አንዴ ይነሳና የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ያስነጥሳል። ጎረቤቴ ሁለት ሕግ አለው። አንደኛ፣ ከመንፋታቸው በፊት ጎሚስታው የኮምፕረሰሩን የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን እንዲያፈስ ያደርጋል። አየር ሲታመቅ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ታንከሩ ሥር ይጠራቀማል፤ ካልፈሰሰ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚተፋው። ሁለተኛ፣ ፋኗን በእስክሪብቶ ይይዛታል። ንፋስ ከአቅሟ በላይ ካሽከረከራት ትበላሻለች፣ መልሳም ኤሌክትሪክ አመንጭታ ወደ ቦርዱ ልትልክ ትችላለች። አልኮሉን ከፋርማሲ ነው የምንገዛው። 70 ፐርሰንት የሚለው ለእጅ ጥሩ ነው፣ ለቦርድ ግን የቀረው ውሃ ስለሆነ ቀባ አድርጎ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንፊያም ገበያ ላይ አለ። መብራት ካለ።

አርብ ዕለት እትዬ ረዘም ያለ ድምፅ ላከች። አርብ ትንሽ ፋታ አላት። ስለ ዕቃው ታወራለች ብዬ ስሰማ ትምህርት ሆኖ ቁጭ አለ።

«መጀመሪያ በደረቁ ነው» ትላለች። «እርጥብ ጨርቅ ይዘህ አቧራ ላይ ከሄድክ ጭቃ ነው የምትሠራው። ከላይ ትጀምራለህ። መብራቱን፣ ጉበኑን፣ የመጋረጃውን መስቀያ። ወለል መጨረሻ። ወለል የሚያስቀድም ሰው ሁለቴ ነው የሚሠራው።» ከዚያ ወደ ጣሳው መጣች። የማዳም ትንሹ ልጅ የጌም ክፍል አለው። ሦስት ስክሪን፣ የሚያበራ ኪቦርድ፣ መስታወት ጎን ያለው ኮምፒውተር። እሱን የምታጸዳው እሷ ናት። «ጣሳው ገና ስትጫነው እጅህ ላይ ይበርዳል። አፍታ ነፋ፣ ተወት፣ ደግሞ ነፋ። አታናውጠው፣ አትገልብጠው። ፋኗን በጆሮ ኩክ ማውጫ ያዛት፣ አለዚያ ትጮሃለች።»

እኔ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለኝ የምል ሰው ቁጭ ብዬ ይኼን ሰማሁ። የሱቁ መነሻም የእሷው ገንዘብ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ኪቦርዱ ማሰብ አቆምኩ። እኛ ቤት የእሷ ሥራ አይወራም። የሚወራው ደሞዟ ነው፤ ገባ፣ አልገባም፣ ስንት ገባ። ሥራ ማለት ደግሞ ለካ አቧራ ነው። ኩዌት ላይ ንፋሱ ከኢራቅ በኩል አሸዋ እያነሳ ይመጣል። ሻማል ይሉታል። ግንቦት 2014 ላይ አየሩ ከመክበዱ የተነሳ የኩዌት አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር በረራ አቋርጦ ነበር። ያን ዓመት እኛም የራሳችን ጉድ ነበረብንና አልሰማንም። እሷ እንደምትለው፣ መስኮቱ ሥር እርጥብ ፎጣ ይጎዘጎዛል፣ በሩ ይዘጋል፣ አቧራው ግን ይገባል። በየት እንደሚገባ አይታወቅም። ጠዋት ተነስታ ትናንት ያጸዳችውን ሙሉ ቤት እንደገና ትጀምራለች። ከላይ።

እማማ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ። «ውሃ ረጭታ አትጠርግም እንዴ?» የእሷ ሳይንስ ያ ነው። የአፈር ወለል በነበረበት ዘመን ጠዋት ጠዋት በጣቷ ውሃ እያርከፈከፈች፣ ከዚያ በመጥረጊያ። ያ ሽታ ራሱ ቁርስ ነበር። አሁን ሴራሚክ ከገባም በኋላ ትረጫለች። ሴራሚኩ ላይ ሰው ሲንሸራተት «ቀስ በሉ» ትላለች እንጂ መርጨቷን አትተውም።

እትዬ ደግሞ አንድ ነገር ተናግራ አሳቀችኝ። አቧራ ከውጭ ብቻ አይመጣም፣ ግማሹ ከሰው ነው የሚራገፈው አለች። ግማሹ ይሁን አይሁን ሌላ ነገር፤ የቤት አቧራ ውስጥ ግን አፈር ብቻ ሳይሆን የልብስ ክር፣ የጭስ ጥላሸት፣ ከቆዳችን የሚረግፈው ብናኝም አለ። እንግዲህ ኪቦርዴ ውስጥ የተጠራቀመው ደሴ ነው። መታወቂያ ኮፒ ያስደረገው ሁሉ፣ ሲቪ ያስጻፈው ሁሉ፣ ከሰኞ ገበያ ሲመለስ «አንድ ገጽ ስንት ነው» ብሎ ሳያስጽፍ የወጣው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ትቶልኛል። ሳይከፍል የሄደውም።

ከተማዋም ብትሆን ነገሯ ከላይ ነው የጀመረው። አጼ ዮሐንስ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ነው ስሟን ያወጡላት ይባላል። የጅራታም ኮከብ ጅራት ምንድን ነው? ጋዝና አቧራ። ፀሐይ ገፍታ ከኋላው የበተነችው አቧራ። ንጉሡ ደስ ያላቸው አቧራ አይተው ነው። እኔ አቧራ አይቼ ይከፋኛል። የደረጃ ልዩነት ነው።

አሁን ይኼን ስጽፍ ሌላ ነገር ታየኝ። ከእኛ ወደ እሷ የሚሄደው ሁሉ ዱቄት ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ። እማማ ታስፈጫለች፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ታሽጋለች፣ መንገደኛ ሲገኝ በኪሎ ተመዝኖ ይሄዳል። ሻንጣ ውስጥ ቀዳዳ ካገኘ የሰው ልብስ ሁሉ ቀይ ይሆናል። ከእሷ ወደ እኛ ደግሞ ዱቄት ማራገፊያ ሊመጣ ነው። ይኼ ዓይነቱ ንግድ በጉምሩክ መዝገብ ላይ ምን ተብሎ እንደሚሞላ እንጃ።

ግን የያዘኝ ይኼም አይደለም። የድምፁ መጨረሻ ነው። «ለማንኛውም አንተ ብዙ አትልፋ» አለች። «እኔ ስመጣ ሱቁን ከነኪቦርዱ እጠርግልሃለሁ።»

«ስመጣ» ትላለች ሁልጊዜ። ስመጣ ለእማማ ማድቤት አሠራለሁ። ስመጣ ሐይቅ ሄደን ዓሣ እንበላለን። ሁላችንም «ኢንሻአላህ» እንላለን፣ ያልፋል። የአሁኑ ግን ሌላ መሰለኝ። ሱቁን አለች። ሱቅ መጥረግ ማለት እንግዳ ሆኖ የሚሠሩት ሥራ አይደለም። በየጠዋቱ የሚሠራ ነው። ኮንትራቷ ሊያልቅ ነው? ደክሟት ነው? ማዳም ክፉ ተናግራት ነው? ወይስ እንዲሁ ለቀልድ ነው?

መጠየቅ ነበር። ችግሩ እኛ ቤት ይኼ ጥያቄ አይጠየቅም። «መቼ ትመጪያለሽ» ብትላት «ገንዘቡ ሊቆም ነው እንዴ» ያልካት ይመስላል። ዝም ብትላት ደግሞ «እዚያው ሁኚ» ያልካት ይመስላል። እማማ መፍትሔ አላት፤ ታለቅሳለች። ለቅሶ ምንም አይጠይቅም፣ ሁሉንም ይጠይቃል። እኔ በድምፅ መልእክት አላለቅስም።

ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ደግሞ ጻፍኩ። በመጨረሻ ምን ብዬ እንደላክሁላት ልንገራችሁ?

«እሺ እትዬ። ብሩሹ ግን ለስላሳው ይሁን።»

ያም እንዳይበቃኝ፣ ቀለሙ ጥቁር ቢሆን ይሻላል፣ ቆሻሻ አይታይበትም ብዬ ጨመርኩበት። ለአቧራ መጥረጊያ።